በቆላ ከተሞች የቤት ዓሣ ገንዳን ስለ ማቀዝቀዝ

እንደ ድሬዳዋ፣ እንደ አሳብ፣ እንደ ምጽዋና እንደ ጅቡቲ ባሉ የቆላ ከተሞች በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ዓሣ ለሚያኖር ሰው ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። በብርዳማ አገሮች የተጻፉት መምሪያዎች ስለ ውኃ ማሞቂያ በሰፊው ሲያትቱ ስለ ማቀዝቀዝ የሚሰጡት ምክር ጥቂት ነው። የቆላው ነዋሪም ዓሣዎቹን በውድ ዋጋ ገዝቶ ካመጣ በኋላ የበጋው ሐሩር ሲበረታ አንድ በአንድ ተንሳፈው ያገኛቸዋል፤ ምክንያቱንም በሽታ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚገድላቸው የአየር እጦት ነው።

ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ውኃ ደግሞ በሞቀ ቍጥር የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ባለ ስፍራ አንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ይችላል፤ በ30 ዲግሪ 7 ሚሊግራም ተኩል፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ 7 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ይይዛል። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች፣ በዚያ ከእነዚህ ቍጥሮች ላይ አንድ ስምንተኛ ያህል ሊቀነስ ይገባል። በአንጻሩ የዓሣው ሰውነት በሙቀት ይፋጠናል፤ ውኃው በ10 ዲግሪ ሲሞቅ የኦክሲጅን ፍላጎቱ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ገበታው እየጠበበ በላተኛው እየበዛ ይሄዳል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳት ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚወጣው አሞኒያ ነው። አልካላይነቱ 8 በሆነ ውኃ ውስጥ የዚህ ነገር መርዛማ ክፍል በ20 ዲግሪ ከመቶ 4 እጅ የማይሞላ ሲሆን፣ በ30 ዲግሪ ከመቶ 7 እጅ ተኩል ያህል ይደርሳል። በሙቀት ወራት ምግብ መቀነስ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ዓሣው ተርቦ ቢመስልም በቀን አንድ ጊዜ ጥቂት ብቻ መስጠት ይበቃል።

ብዙ ሰዎች ውኃው ሲግል መጀመሪያ የሚያስቡት በረዶ መጨመርን ነው። ይህ ዘዴ ምን ያህል ደካማ እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ መረዳት ይቻላል። አንድ ሊትር ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ አንድ ኪሎ ካሎሪ ሙቀት ከውስጡ መውጣት አለበት። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ ከገንዳው ውኃ ጋር እስኪስተካከል ድረስ የሚወስደው 110 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ስለዚህ 100 ሊትር በሚይዝ ገንዳ ላይ ሙቀቱን ዝቅ የሚያደርገው ከአንድ ዲግሪ እምብዛም በማይበልጥ ነው፤ ከጥቂት ሰዓት በኋላም ውኃው ወደ ነበረበት ይመለሳል። በሌላ በኩል አንድ ሊትር ውኃ ከገንዳው ገጽ ላይ ተንኖ ሲሄድ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይዞ ይወጣል። ይህም ያንኑ 100 ሊትር ወደ 6 ዲግሪ በሚጠጋ ሊያቀዘቅዝ የሚችል ኃይል ነው። በእርግጥ ከክፍሉ አየርና ከግድግዳው ሙቀት እየተመለሰ ስለሚገባ ይህ ሁሉ አይገኝም፤ በደረቅ አገር ግን ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያለ ብዙ ድካም ማውረድ ይቻላል።

ይህ ለአገሩ ሰው አዲስ ጥበብ አይደለም። የእንስራ ውኃ በጠራራ ፀሐይ ቀን እንኳ የሚቀዘቅዘው ከሸክላው የሚወጣው ርጥበት እየተነነ የውስጡን ሙቀት ስለሚወስድ ነው። የመስተዋት ገንዳ ግን አይተነፍስም፤ የሚተነው ከላይኛው ገጽ ብቻ ነው። እሱንም ባለቤቱ በክዳን ይዘጋዋል፤ ከክዳኑም ሥር መብራት ያበራበታል። በሙቀት ወራት ክዳኑ ተነሥቶ፣ ዓሣዎቹ ዘለው እንዳይወጡ በስስ መረብ ሊተካ፣ መብራቱም በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ሊበራ ይገባል። ከዚያም አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ነፋሱ የውኃውን ገጽ እየጠረገ እንዲያልፍ አግድም ማቆም ነው። የአየር ፓምፕ ካለ ደግሞ የታችኛውን ውኃ ወደ ላይ ስለሚያገላብጠው ሥራው ይፈጥናል፤ ኦክሲጅንም ይጨምራል።

በባሕር ዳር ከተሞች ግን ይህ ዘዴ ወሰን አለው። አየሩ አስቀድሞ በርጥበት የጠገበ ከሆነ ውኃ በቀላሉ አይተንም። የክፍሉ ሙቀት 35 ዲግሪ፣ የአየሩ ርጥበት ከመቶ 30 ቢሆን፣ በትነት ሊደረስበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት 22 ዲግሪ ገደማ ነው። በዚያው ሙቀት ርጥበቱ ከመቶ 65 ቢሆን ከ29 ዲግሪ በታች መውረድ አይቻልም። ባለቤቱ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ወሰኑን ራሱ ሊለካ ይችላል፤ ይኸውም የቴርሞሜትሩን ጫፍ በረጠበ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሎ ለጥቂት ደቂቃ ማራገብ ነው። ቍጥሩ ወርዶ የሚቆምበት ስፍራ የመጨረሻው ወሰን ነው፤ ገንዳው ራሱ እስከዚያ አይደርስም፤ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቀራል።

የሚተነው ውኃ ንጹሕ ሲሆን ጨውና ኖራው በገንዳው ይቀራል። የጎደለውን በየቀኑ በቧንቧ ውኃ ብቻ የሚሞላ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ሳያውቀው ውኃውን ያከብደዋል። ስለዚህ መሙያው በተቻለ መጠን የዝናብ ውኃ ቢሆን ይመረጣል፤ ሆኖም ከአዲስ የቆርቆሮ ጣሪያ የወረደው ዚንክ ስለሚይዝ ዓሣን ይጎዳል፤ በንጹሕ ሸራ የተጠራቀመው ይሻላል። የቧንቧ ውኃም ቢሆን ክሎሪኑ እንዲወጣለት አንድ ቀንና ሌሊት ክፍት ዕቃ ላይ ሊያድር ይገባዋል።

ስለ ቦታው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ምዕራብ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳና ከመስኮት መራቅ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ አድርጎ አለመስቀል ነው። ትልቅ ገንዳ ከትንሽ ይሻላል፤ 20 ሊትሩ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሲግል 200 ሊትሩ ገና ሳይሞቅ ይመሻል።

ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ የገንዳውን ጎኖች በረጠበ ጨርቅ ከቦ የጨርቁን ጫፍ ውኃ ባለበት ዝርግ ሳህን ውስጥ ማሳረፍ ይጠቅማል። ጫፉ ወደ ገንዳው ውስጥ እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ነው፤ ውኃውን ስቦ በወለሉ ላይ ያፈሰዋልና። ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ገጹ አውጥተው ሲያዛጉ ከታዩ በኩባያ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ሕይወታቸውን ሊያተርፍ ይችላል። ተክል ባለበት ገንዳ ይህ ምልክት በቀትር ሳይሆን ንጋት ላይ ይታያል፤ ተክሎቹም በሌሊት ኦክሲጅን ይጠቀማሉና።

ከሁሉም የሚቀለው ለአገሩ የሚስማማውን ዓሣ መምረጥ ነው። ወርቃማው ዓሣ ከቀዝቃዛ ውኃ ዘር የመጣ ስለ ሆነ ለምጽዋ ክረምት አይሆንም። በአንጻሩ በኬንያ በማጋዲ ሐይቅ ፍል ውኃዎች የሚኖረው ትንሽ የቆሮሶ ዘመድ እስከ 42 ዲግሪ ይችላል። በቀይ ባሕር ዳርቻ የሚገኘውና አፋንዩስ ዲስፓር የሚባለው ጥቃቅን ዓሣም ሙቀትንና ጨውን የለመደ ነው፤ በአሳብ ከተማ የወባ ትንኝ እጭን እንዲበላ ስለ መሞከሩ በ1992 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የታተመ ጥናት አለ።

ይኸው ሒሳብ የቆሮሶ ጫጩት ወደ ኩሬው ለሚያጓጕዝ ገበሬም ያገለግላል። ጫጩቶቹ ከጕዞው በፊት አንድ ቀን ያህል ምግብ ሊከለከሉ፣ ሲሶው ውኃ የቀረው ኦክሲጅን በሆነ የፕላስቲክ ከረጢት ሊታሸጉ፣ ጕዞውም በሌሊት ወይም ማለዳ ሊሆን ይገባል። በመኪናው ላይ ከረጢቶቹን በረጠበ ጆንያ ሸፍኖ ነፋስ እንዲያገኘው ማድረግ የማራገቢያውን ሥራ ይሠራል፤ ጆንያውም በደረቀ ቍጥር መርጠብ አለበት። ከኩሬው ሲደርሱም ከረጢቱን ሳይፈቱ 20 ደቂቃ ያህል በውኃው ላይ ማንሳፈፍ፣ ሁለቱ ውኃዎች በሙቀት ከተስተካከሉ በኋላ ጫጩቶቹን ቀስ አድርጎ መልቀቅ ነው።