ሰው የሌለበት ፎቶግራፍ

ፎቶግራፍ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሰው ነው። ሙሽራና ሙሽሪት፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ፣ ወይም ለገና ላሊበላ ወርደን ቤተ ጊዮርጊስ አጠገብ ቆመን የተነሣነው። ታዲያ ብዙ ዘመን ባዶ ቦታ ሲያነሣ የኖረ ሰው አለ ቢባል ምን እንላለን? "ዕብድ ነው" የሚል አይጠፋም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ነበረ።

ስሙ ኤዤን አትዤ ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1857 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። እናት አባቱን በልጅነቱ አጣ። በመርከብ ተቀጥሮ ሠራ። ከዚያም አገር ላገር እየዞረ ቲያትር ተጫወተ። ጉሮሮውን ስለ ታመመ ያንንም ተወና ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላ ካሜራ ያዘ።

አትዤ ያነሣ የነበረው ፓሪስ የተባለችውን ዋና ከተማና አካባቢዋን ነው። አሮጌ መንገዶችን፣ ቡና ቤቶችን፣ ቀድሞ ነገሥታት ይዝናኑባቸው የነበሩትን ቬርሳይና ሶን የመሳሰሉ ትልልቅ የአትክልት ቦታዎች አነሣ። በበዓል ቀን ሰው የሚንሸራሸርበት ቦታ ነው። በእሱ ፎቶ ላይ ግን ወንበሩ አለ፣ ደረጃው አለ፣ ኩሬው አለ፤ ሰው የለም።

ሰውስ የት ሄደ? የአትዤ ካሜራ ትልቅ የእንጨት ሣጥን ነበር። ብርሃን በፊት ለፊቱ ቀዳዳ ይገባና ከውስጡ ባለው መድኃኒት የተቀባ መስተዋት ላይ ይቀረጻል። ይህ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ መካከል የሚያልፍ ሰው እንደ ጭስ ይደበዝዛል፤ አንዳንዴም ከነጭራሹ አይታይም። አትዤም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ገና ሲነጋ፣ ሰው ሳይነሣ ነው። የቦታውንም ስም በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ይህን ያዙልን፤ ኋላ እንመለስበታለን። በ1920 ከ2,600 የሚበልጡ መስተዋቶቹን መንግሥት በ10,000 ፍራንክ ገዛው። ከሰባት ዓመት በኋላ ሞተ።

በእኛም አገር ሚካኤል ጸጋዬ የሚባል ፎቶ አንሺ አለ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው። የተማረው ሥዕል ነበር፤ የዘይት ቀለም ለጤናው ስላልተስማማው ወደ ካሜራ ዞረ። እሱም የሚፈርሱትን የአዲስ አበባ ሠፈሮች አንሥቷል።

አሁን ወደ ላስታ እንመለስ። የላሊበላ 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። ከተማዋም በእንግዳ የምትኖር ሆነች። ሮሃና ሰባት ወይራን የመሰሉ ሆቴሎች ያሉት ለዚህ ነው። መጋቢት 2012 የኮሮና በሽታ አገራችን ሲገባ እንግዳ ቀረ። ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ ደግሞ ጦርነት ደረሰ። እስከ ታኅሣሥ 2014 ከተማዋ ካንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትገባ ስትወጣ ቆየች። መብራትም ለብዙ ወራት ጠፋ።

በዚያ ዓመት ነው እኛ ከዩኒቨርሲቲ መጥተን ፊደል እናስቆጥር የነበረው። ካንድ ሆቴል የምግብ አዳራሽና በረንዳ አንድ ፎቶ አንሥተን፣ ወልድያ ልከን አሳጠብንና ወደ ክፍል ይዘን ገባን። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

"ልጆቼ፣ ገንዘባችሁን በከንቱ አባከናችሁ። ባዶ ቤት ምኑ ይነሣል?" አሉ አንድ አዛውንት።

መልስ ሳንሰጥ አንዲት እናት ፎቶውን ተቀብለው፣ ወንበሮቹን በጣታቸው እየነኩ እስከ አርባ ቆጠሩ። "ይሄ ወንበር ሁሉ ሲሞላ እንቁላሌን ከበር ይቀበሉኝ ነበር። ገበያ አላድርም። የልጆቼ ደብተር ከዚህ ነው የወጣው" አሉ።

ፎቶው ተመልሶ አዛውንቱ ዘንድ ደረሰ። አሁን ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከበረንዳው ድንጋይ መካከል የበቀለውን ሣር አሳዩን። "ይኼ ያንድ ክረምት ሣር አይደለም። ሁለት ክረምት ማንም አልረገጠውም" አሉ። እኛ አንሥተነው ሳለ ሣሩን አላየነውም። አስተማሪ ነን ብለን መጥተን፣ ያን ቀን ተማርን።

አዛውንቱ እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም ሲያወጡ የኖሩ ናቸው። በቅሎዋን እህል ሲያጥር ሸጠዋታል። በማግሥቱ ቤታቸው ወሰዱንና ከደጅ የቆመውን ካስማ እንድናነሣ ጠየቁን። ገመዱ ገና አልተፈታም።

"እርስዎም አጠገቡ ይቁሙ፣ አባባ" ብንላቸው እንቢ አሉ።

ታጥቦ ሲመጣ ጀርባው ባዶ ነበር። ዐሥር ዓመት ቆይቶ ያየው ሰው የማን ካስማ እንደሆነ፣ ለምን ባዶውን እንደቆመ በምን ያውቃል? አትዤ ስም ይጽፍ የነበረው ለዚህ መሆኑን ነገርናቸው። እርሳስ ሰጠናቸው። "በቅሎ" የሚለው ላይ፣ "ቅ" ዘንድ ሲደርሱ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ቀጠሉ፦

"የበቅሎዬ ካስማ። ላሊበላ። 2014 ዓ.ም."