ሲሰበር፣ ሲወልቅና ወለም ሲል ምን እናድርግ?

አዘጋጅ፦ የ7ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ የጤና አምድ አባል

በዛሬው የጤና አምዳችን ስለ አጥንት ስብራትና ስለ መገጣጠሚያ ጉዳት የመጀመሪያ እርዳታ እንማራለን። ርዕሱን የመረጥኩት ገና ስለደረሰ ነው። በገና ጨዋታ ዱላው ሩሯን ይስትና የሰው ቅልጥም ያገኛል። ጨዋታው ባይኖርም ከብት ስንጠብቅ ዶቅማ ላይ እንወጣለን፣ አህያ ላይ እንፈናጠጣለን፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ ባጃጅ አለ። ስለዚህ ትምህርቱ ለሁላችንም ነው።

1. አጥንትና መገጣጠሚያ

የአዋቂ ሰው ሰውነት 206 አጥንቶች አሉት። ሕፃን ሲወለድ ወደ 300 ይጠጋሉ፤ እያደገ ሲሄድ አንዳንዶቹ እየተያያዙ ይቀንሳሉ። ከሁሉም ረጅሙ የጭን አጥንት ነው። ሁለት አጥንት የሚገናኙበት ቦታ መገጣጠሚያ ይባላል፦ ጉልበት፣ ክርን፣ ትከሻ፣ ቁርጭምጭሚት። አጥንትን ከአጥንት የሚያስሩት ጅማቶች ናቸው።

የልጅ አጥንት እንደ እርጥብ እንጨት ነው። ደረቅ እንጨት ቀጭ ብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ እርጥቡ ግን ይጎብጥና በአንድ በኩል ብቻ ይሰነጠቃል። ስለዚህ «ጣቱን ካንቀሳቀሰ አልተሰበረም» የሚባለው ልክ አይደለም። አጥንቱ ተሰንጥቆም ጣት ሊንቀሳቀስ ይችላል።

2. ሦስቱ ጉዳቶች በምን ይለያሉ?

ሀ. ስብራት፦ አጥንቱ ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰበር ነው። ቦታው ያብጣል፣ ሲነኩት በጣም ያማል፣ አንዳንዴ ይጣመማል ወይም ያጥራል።
ለ. ውልቃት፦ አጥንቱ ከመገጣጠሚያው ሲወጣ ነው። ትከሻና ጣት ላይ ይበዛል። ቅርጹ ይለወጣል፣ መንቀሳቀስም ያቅታል።
ሐ. ወለምታ፦ ጅማት ሲለጠጥ ወይም ሲበጠስ ነው። ቁርጭምጭሚት ላይ ይበዛል። ያብጣል፣ ይጠቁራል።

ሦስቱን በዓይን ብቻ መለየት ለሐኪምም ይከብዳል፤ ራጅ የሚነሳው ለዚህ ነው። ካልለየን እንደ ስብራት ቆጥረን እንርዳ።

3. ምን እናድርግ?

ከሞጣ ወዲያ ዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ ሰምታችሁ ይሆናል። መሐሉ ተሰብሮ ሁለቱ ጫፎች ለየብቻ ቆመው ሰው በገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ድልድይ ራሱን አይጠግንም። አጥንት ግን ጫፎቹ ከተገናኙና ካልተነቃነቁ ራሱን ይጠግናል። የእኛ ሥራ እንዳይነቃነቅ መያዝ ብቻ ነው፤ መግጠም የሐኪም ሥራ ነው።

ሀ. የተጎዳውን ልጅ አረጋጉት። «ተነስ እስቲ ርገጠው» አትበሉት። ትልቅ ሰው ጥሩ።
ለ. የሚደማ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑ። አጥንት ወጥቶ ከታየ ወደ ውስጥ አትግፉት፤ ዙሪያውን እንጂ አጥንቱን አትጫኑ።
ሐ. ቀለበት፣ አምባር ወይም አልቦ ካለ ሳያብጥ በፊት አውልቁ።
መ. መደገፊያ ፈልጉ። ለክንድ የተጠቀለለ ደብተር ይበቃል፤ ለእግር ሁለት ቀጥ ያለ እንጨት። መደገፊያው ከጉዳቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ማለፍ አለበት። እንጨቱ እንዳይቆረቁር ውስጡን በጨርቅ አለስልሱ። እንጨት ከጠፋ የተጎዳውን እግር ከደህናው እግር ጋር፣ መሐሉ ላይ ጋቢ አድርጎ ማሰር ይቻላል።
ሠ. በመቀነት ወይም በሻሽ እሰሩ። ቋጠሮው ቁስሉ ላይ አይሁን። እጅ ከሆነ በነጠላ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉት።
ረ. መራመድ ካልቻለ በቃሬዛ ይወሰድ። አንገቱን ወይም ጀርባውን ከተመታ ግን የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ አታንቀሳቅሱት።
ሰ. ምግብና መጠጥ አትስጡ። ሆስፒታል ማደንዘዣ ሊያስፈልገው ይችላል።

4. ከሁሉም የሚበልጠው፦ አጥብቆ አለማሰር

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡልኝ። የተሰበረ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት እያበጠ ይሄዳል። ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ሥጋው ሲያብጥና ማሰሪያው ሲጠብቅ ደም ወደ ጣቶች መድረስ ያቅተዋል። ደም ሳያገኝ ጥቂት ሰዓታት የቆየ ጡንቻ መሞት ይጀምራል።

ሞጣ አካባቢ ገጠር የሚኖር የአክስቴ ልጅ አለ፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። አምና ከዶቅማ ላይ ወድቆ የቀኝ ክንዱ ተሰበረ። በቀርከሃ ስንጣሪ ጥብቅ ተደርጎ ታሰረ። ሌሊቱን ሲያለቅስ «ወንድ አይደለህ? ቻለው እንጂ» አሉት። በማግስቱ ጣቶቹ ቀዘቀዙ፤ ከዚያ ማልቀሱን ተወ። ተሻለው ብለው ደስ አላቸው። ለካ እጁ አይሰማውም ነበር! በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ሲጠቁሩ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ከክርኑ በታች ተቆረጠ። ሐኪሙ ለአክስቴ «ክንዱን የሰበረው ዛፉ ነው፤ እጁን የወሰደው ግን ማሰሪያው ነው» አሏት። አሁን በቀረው ክንዱ ደብተሩን ተጭኖ በግራ እጁ ይጽፋል። ስለ እሱ መጻፍ እችል እንደሆነ ስጠይቀው «ጻፊው፣ ሌላ ልጅ እንዳይታሰር» አለኝ።

ወጌሻዎች ብዙ ሰው ረድተዋል፣ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን ውስጡን የሚያዩበት ራጅ የላቸውም። ማንም ይሰረው ማን፣ ነርስም ጀሶ ቢያደርግ፣ ጣቶቹን መመልከት የእኛ ፋንታ ነው።

ሞክሩት፦ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ነጭ እስኪሆን ተጫኑና ልቀቁ። «አንድ፣ ሁለት» ብላችሁ ሳትጨርሱ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። የታሰረው ልጅ ጥፍር ከዚያ ከዘገየ፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከጠቆረ፣ ከደነዘዘ፣ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰበት ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ጀሶ ከሆነ በሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ይመለስ። ማልቀሱ ምልክት ነው፣ ዝም ማሰኘት የለብንም።

5. ለወለምታ

እግሩን አሳርፉ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለ20 ደቂቃ ያህል አድርጉ፣ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉ፣ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ ያስፈልገዋል።

6. የማይደረጉ ነገሮች

- በቅቤ ወይም በዘይት ማሸት። የተሰበረው ጫፍ ስለታም ስለሆነ ሥጋና የደም ሥር ይቆርጣል።
- የወለቀን መገጣጠሚያ ጎትቶ ለመመለስ መሞከር።
- በትኩስ ነገር መተኮስ፤ እብጠቱን ይጨምራል።
- ቁስል ላይ ቡና፣ አፈር ወይም እበት ማድረግ። መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል።

7. ወዴት እንሂድ?

ብቸናም ሞጣም ሆስፒታል አለ፤ ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ናቸው። ከበድ ያለው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይላካል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት። የልጅ ክንድ በደንብ ከታከመ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ!

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. መደገፊያ ስንት መገጣጠሚያ ማለፍ አለበት? የትኞቹን?
2. የታሰረ ልጅ ማልቀሱን ቢያቆምና ጣቶቹ ቢቀዘቅዙ ምን ማለት ነው? ምን ታደርጋላችሁ?
3. ቤታችሁ ውስጥ መደገፊያ ሊሆኑ የሚችሉ አምስት ነገሮችን ዘርዝሩ።

መልሱን ስማችሁንና ክፍላችሁን ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱ። ሁለተኛውን ጥያቄ ግን ዛሬ ማታ ለእናትና ለአባታችሁም ጠይቋቸው። በሌላ ርዕስ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!