ዲሽ ለምን ወደ ደቡብ ይዞራል?



አያታችን ዕብራይስጥ ብዙም ስለማይገባቸው፣ ዜናውን በአማርኛ እንዲሰሙ ቤተሰባችን ዲሽ አስተከለላቸው። እኛ የልጅ ልጆቻቸውም ከባለሙያው ጋር ጣራ ላይ ወጥተን ሥራውን አየን። የተማርነውን እንደሚከተለው እናቀርባለን።

ዲሹ ወደ ደቡብ ሲዞር አያታችን «ወደ አገራችን ዞረ» ብለው ደስ አላቸው። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የሚገኙት ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነው። ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞሩ አንድ ቦታ የቆሙ ይመስላሉ። ከእስራኤል ሲታይ የምድር ወገብ በደቡብ በኩል ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ እዚያ ዲሹ የበለጠ ወደ ላይ ይቀናል፤ እዚህ ግን ዘንበል ይላል። በጥቂት ዲግሪ ከሳተ ምስሉ ይጠፋል። ፊት ለፊቱ ፎቅ ወይም ዛፍ ከከለለውም አይሠራም። በጋራ ሕንፃ ላይ ከመትከል በፊት ቫዓድ ባይቱንና ጎረቤቶችን መጠየቅ ይገባል።

ዲሹ ከተተከለ በኋላ ከአያታችን ጋር ዜና ማየት ጀመርን። እሳቸው ሁሉንም ሲሰሙ እኛ ግማሹ ያመልጠናል። በሰኔ ወር «ክረምት ገባ» ሲባል ገረመን፤ እዚህ ያን ጊዜ ሙቀት ነውና። አያታችን ድምፁን ቀነሱና ክረምት ማለት ዝናቡ የሚወርድበት፣ ወንዙ የሚሞላበት፣ ገበሬው የሚያርስበት ጊዜ መሆኑን አስረዱን። የልጅነታቸውንም ክረምት አጫወቱን። ይህን ከቴሌቪዥኑ ብቻ አናገኘውም ነበር።

ስለዚህ ወላጆቻችን፣ ዜና ስታዩ እኛንም ጥሩን። ቃል ስንጠይቃችሁም አትሰልቹን።