እርከኑን የሚጠብቀው ማን ነው?

የመጀመሪያው ሰው በገነት ሲቀመጥ ሁለት ሥራ እንደተሰጠው ቅዱስ መጽሐፍ ያስተምረናል (ዘፍ. 2፥15)፤ እነርሱም ማልማትና መጠበቅ ናቸው። በአገራችን የተራራማ ቦታዎች ልማት በተደጋጋሚ የተሰናከለው እነዚህ ሁለቱ በመለያየታቸው ነው።

ጉዳቱ ከላይ እስከ ታች

ምስክሩ ቅርባችን ነው። በ1952 ዓ.ም. የተመረቀው የቆቃ ግድብ፣ አዋሽና የሞጆ ወንዝ ከላይኛው ተፋሰስ በሚያመጡት ደለል ምክንያት ውኃ የመያዝ አቅሙ በእጅጉ ቀንሷል። በሐይቁ የተኛው ጭቃ ትናንት የገበሬው ማሳ ነበር። ስለዚህ ከላይ ያለው ምርቱን ሲያጣ፣ ከታች ያለው ደግሞ ለመብራትና ለመስኖ የሚሆነውን ውኃ ያጣል።

ካለፈው የምንማረው

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ብዙ እርከን ተሠራ፤ ተራሮችም ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከለሉ። ነገር ግን ውሳኔው ከላይ የወረደ ነበር። ገበሬው መሬቱ ነገ ለሌላ ይደለደላል ብሎ ይሰጋ ነበር፤ የተተከለውንም ዛፍ የመንግሥት እንጂ የራሱ አድርጎ አልቆጠረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በብዙ ስፍራ ዛፉ ተቆረጠ። ይህም የሆነው ገበሬው የአፈርን ጥቅም ስላላወቀ ሳይሆን፣ ግጦሹ ተወስዶበት ምትክ ስላላገኘ ነው።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456 የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር እንዲሰጥ ደነገገ፤ ይህም ዋስትናን አጠናከረ። ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬትም ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት እንጂ ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ከለከለ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ከተዳፋት ማሳ በቀር ሌላ የሌላት መበለት ዛፉ እስኪደርስ ምን ትበላለች? ለዚህ መልስ ያልያዘ ልማት በሌሊት በሚገባ ከብት ይፈርሳል።

ከመቆፈር በፊት የሚጠየቁ

1. ቦታው ሲከለል ግጦሽ የሚያጣው ማን ነው? ሣሩ የሚታጨድበት ተራ አስቀድሞ ይወሰን፤ በዚህም መበለቶችና መሬት አልባ ወጣቶች ይቅደሙ። የንብ ቀፎም ይታሰብ።

2. ክረምት ያፈረሰውን እርከን ማን ይጠግናል? የቀን አበል ሲያበቃ ሥራው እንዳያበቃ፣ ኃላፊው በመተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ።

3. ሥራው ከላይ ተጀምሯልን? የላይኛው ሳይያዝ ቦረቦር ውስጥ የሚሠራ ክትር በመጀመሪያው ጎርፍ ይጣሳል።

ተፋሰስ በአጥቢያ ወሰን አይከፈልም። ስለዚህ ከሌላ እምነት ጎረቤቶቻችን፣ ከአገር ሽማግሌዎችና ከቀበሌው ጋር በአንድነት እንምከር። የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ ዘመናትን የተሻገረው፣ ምእመናኑ አደራውን የራሳቸው አድርገው ስለያዙት ነው። ተራራውም እንዲሁ ባለ አደራ ይሻል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።