አድራጊና ተደራጊ ግሥ በድርሰት ውስጥ

ተደራጊ ግሥ ድርጊቱን ይናገራል እንጂ አድራጊውን ለመጥራት አይገደድም። አድራጊው በማይታወቅበት ጊዜ ይህ ነውር የለበትም። ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ግን ዋናውን ሰው ሊያስረሳ ይችላል። የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር ተመልከቱ።

«የጎንደር ዘመን የወንጌል ሥዕሎች ከአውሮፓ መጻሕፍት ተቀዱ።»

ይህ አባባል መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1591 በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል፣ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች ነበሩበት። ከሁለት ዓመት በኋላ በአንትወርፕ የወጣው የጀሮም ናዳል መጽሐፍ ደግሞ 153 የመዳብ ቅርጽ ሥዕሎችን ይዟል። በመዳብ ቅርጽ ሥራ ሥዕሉ በሰሌዳው ላይ በሹል ብረት ይፈለፈላል፤ በፍልፍሉ ውስጥ ቀለም ይገባል፤ ከዚያም ወረቀት በኀይል ተጭኖበት ይታተማል። ሁለቱም መጻሕፍት በ17ኛው መቶ ዓመት አገራችን ደርሰዋል። በተለይ የዐረብኛው ወንጌል ለብራና ሠዓሊዎች አርአያ ሆኗል።

ይሁን እንጂ «ተቀዱ» ለሚለው ግሥ ባለቤቱ «ሥዕሎች» ነው፤ ሠዓሊው በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። ኅትመቱ ጥቁርና ነጭ ነበር፤ ቀዩን፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን ያመጣ ሠዓሊው ነው። ጥላን የሚያሳዩትን ደቃቅ መስመሮች ትቶ ልብሱን በደማቅ ቀለም ሞላው። ፊትንም በራሱ ልማድ ሣለ። በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ፣ እኩይ በአንድ ዐይኑ ይታያል፤ አውሮፓዊው ቀራጭ ግን ቅዱሱንም በጎን ከመሣል አይመለስም። ፊት ለፊት የሚያዩ ዐይነ ጐላ ቅዱሳን ከኅትመቱ መምጣት በፊትም ነበሩ። አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሰጡት ወንጌል ምስክር ነው።

እንግዲህ እንዲህ ብንጽፍ ይሻላል፦ «የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች የኅትመቱን አቀማመጥ ወስደው፣ በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው የፊት አሣሣል አዲስ ሥዕል አወጡ።» ዐረፍተ ነገሩ ረዝሟል፤ ግን ባለቤት አግኝቷል።

ሌላም እንጨምር። «ከመቅደላ ብዙ የብራና መጻሕፍት ተወሰዱ።» ማን ወሰዳቸው? እ.ኤ.አ. በ1868 ከዚያው ከወሎ አምባ የወሰዳቸው የእንግሊዝ ጦር ነው። ከኅትመቱ የተነሡ ሥዕሎች ያሉበት ወንጌልም ከእነዚሁ ጋር ለንደን ይገኛል።

መልመጃ፦ «ተወሰዱ» ያለበትን ዐረፍተ ነገር በአድራጊ ግሥ መልሳችሁ ጻፉ። ቀጥሎም በአካባቢያችሁ ያያችሁትን አንድ ሥዕል፣ ሠዓሊውን ባለቤት በማድረግ፣ በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ስሙን ባታውቁ «ሠዓሊው» በሉት።