«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት፦ ያረጀ ኮምፒውተር ሲያስቸግር መንስኤውን ለይቶ ስለ ማወቅ

ኮምፒውተር ሲያስቸግር በየሰፈሩ የሚታዘዘው መድኃኒት አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ!» ይባላል። እርግጥ ነው፣ ፎርማት ማድረግ ብዙ የሶፍትዌር ችግር ያጠፋል። ነገር ግን የሰውየውንም ፋይል አብሮ ሊያጠፋ ይችላል። መንስኤው ሃርድዌር ከሆነ ደግሞ ችግሩ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቀናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሶፍትዌር ግጭትንና የስክሪን ብልሽትን እንዴት መለየት እንደሚቻል በአንድ ማሽን ምሳሌነት ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ማሽኑ የሰፈራችን እድር ንብረት ነው፤ ፔንቲየም 4፣ 512 ሜጋባይት ራም፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ። የአባላቱ መዋጮ መዝገብ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። ሦስት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ ስክሪኑ ላይ አግድም መስመር ይመጣል። ሁለተኛ፣ አማርኛ ሲጻፍ ፊደሉ ይደራረባል። ሦስተኛ፣ የድሮው መዝገብ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ይታያል። አንድ ጥገና ቤት «ፋይሉ አልቆለታል፣ ፎርማት ይደረግ» ብሏቸው ነበር። የእድሩ ጸሐፊ ግን «ልጄ፣ የሰው ገንዘብ እኮ ነው የተጻፈበት» አሉኝ። ስለዚህ ምንም ከመንካቴ በፊት ፋይሎቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጥኩ። የመጀመሪያው ሕግ ይሄ ነው።

1ኛ. ስክሪኑ

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ «መስመሩ መቼ ይታያል?» የሚለው ነው። ማሽኑ እንደተከፈተ፣ ገና የማዘርቦርዱ ጽሑፍ ሲመጣ ከታየ ዊንዶውስ ገና ስላልተነሳ ጥፋቱ የሱ ሊሆን አይችልም። ያን ጊዜ ኬብሉን፣ ሞኒተሩንና ቪዲዮ ካርዱን እንፈትሻለን። የኛ ማሽን እዚያ ላይ ንጹሕ ነበር። ቀጥዬ ሲነሳ ኤፍ 8ን ተጭኜ በሴፍ ሞድ አስገባሁት። ሴፍ ሞድ የካርዱን ድራይቨር ትቶ መሠረታዊውን የቪጂኤ ድራይቨር ብቻ ይጠቀማል። መስመሩ ጠፋ። እንግዲህ በአብዛኛው ተጠርጣሪው ድራይቨሩ ነው ማለት ነው። አራግፌ ለካርዱ የሚስማማውን መልሼ ስጭን ስክሪኑ ተስተካከለ። ባይስተካከል ኖሮ ካርዱን ራሱን እጠረጥር ነበር፤ ምክንያቱም የደከመ ካርድ ቀላል ሥራ ሲሰጠው ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል።

2ኛ. የፕሮግራሞች ግጭት

ከዊንዶውስ ጋር አብረው የሚነሱ 8 ፕሮግራሞች ነበሩ። አንድ በአንድ እያጠፉ ከመሞከር በግማሽ እየከፈሉ መሄድ ይሻላል። በኤምኤስኮንፊግ 4ቱን አጥፍቶ ሪስታርት ማድረግ ነው፤ ችግሩ ካለ ጥፋተኛው ከቀሩት 4 ውስጥ ነው፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 1 እያልን እንወርዳለን። ታዲያ እኔ የመጀመሪያዎቹን 4 ሳጠፋ ችግሩ ጠፋ፤ እነሱን መልሼ ሌሎቹን 4 ሳጠፋም ጠፋ! ይሄ ግራ ያጋባል እንጂ ትልቅ ፍንጭ ነው። ጥፋተኛው አንድ ፕሮግራም ሳይሆን የሁለት ጠብ ነው፤ አንዱ ከዚህኛው ግማሽ፣ አንዱ ከዚያኛው። የመጀመሪያዎቹን በሙሉ እንደበሩ ትቼ ሌሎቹን ስከፋፍል፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ስከፋፍል ሁለት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ተገኙ። ሁለቱም የኪቦርዱን ምት ከወርድ ቀድመው ይቀበላሉ፤ አንድ ምት ሁለት ጌታ ያዘው ማለት ነው። አሮጌውን ከማስነሻው ዝርዝር አወጣሁት።

3ኛ. የጠፋ የመሰለው ጽሑፍ

ዩኒኮድ የኢትዮጵያን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ዕትሙ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ኮድ ተውሰው የአማርኛ ፊደል ይሥሉበት ነበር። በ8 ቢት የሚገኘው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፣ ዲቃላዎቹና አኃዞቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። ስለዚህ አንዳንዶቹ ፊደሉን በሁለት ፎንት ከፈሉት። እንዲህ ያለ ፋይል ፎንቱ ከጠፋ የሚያሳየው የላቲን ዝብርቅርቅ ነው። ባዶ ሳጥን የሚያሳይ ከሆነ ግን ጽሑፉ ዩኒኮድ ሆኖ ማሽኑ ላይ የግዕዝ ፊደል ያለው ፎንት የለም ማለት ነው። ኤክስፒ ከራሱ ጋር የግዕዝ ፎንት አልነበረውም፤ ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። በሁለቱም መንገድ ጽሑፉ አልጠፋም። የእድሩን ፎንት ከድሮው ሲዲ መልሰን ስንጭን የአባላቱ ስም አንድም ሳይጎድል ወጣ። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ አዛውረን ድምሩን ከደረሰኞቹ ጋር አመሳከርን።

ማጠቃለያ

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው። ከጥገና በፊት ፋይል ይገልበጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር፣ የተቀየረውም በደብተር ይጻፍ፤ አለበለዚያ የዳነው በምን እንደሆነ አይታወቅም። በመጨረሻም፣ ማሽኑ ዳነ ብለን አንታለል። ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2014 አቁሟል፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ማሽን ከኢንተርኔት ይራቅ፣ መዝገቡም ሌላ ሁለት ቦታ ይቀመጥ። ፎርማት ማድረግ መቼም አያመልጠንም፤ የጠፋ መዝገብ ግን አይመለስም።