ያላሸነፈ ፈረስ በምን ይለካል?

የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ሲያከብር የፈረስ ግልቢያ ትርኢትና ውድድር ይካሄዳል። አንድ የሰቆጣ ወጣት ለጋ ፈረሱን ለእንዲህ ያለ ውድድር እያሠለጠነ ነው እንበል። ፈረሱ ሦስት ጊዜ ጋልቦ ሦስቱንም ጊዜ ቢሸነፍ፣ ወጣቱ ይሽጠው? እኛ «አስቀድሞ ይለካ» እንላለን።

የውድድር ደረጃ ፈረሱ ከተወዳዳሪዎቹ አንጻር ያለበትን ቦታ እንጂ ፍጥነቱን አይገልጽም። 300 ሜትር በ25 ሴኮንድ የጋለበ ፈረስ አማካይ ፍጥነቱ በሴኮንድ 12 ሜትር ነው። ሰዓት የያዘው እጅ 0.2 ሴኮንድ ቢዘገይ የ2.4 ሜትር ስሕተት ይፈጠራል፤ ይህም የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ነው። ስለዚህ በአንድ ሙከራ አንፈርድም፤ በአንድ ሜዳና በአንድ ጋላቢ፣ በተለያዩ ቀናት ለክተን አማካዩን እንወስዳለን።

ሁለተኛው መለኪያ የልብ ምት ነው። ያረፈ ጎልማሳ ፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በብርቱ ግልቢያ ከ200 ያልፋል። ከተመሳሳይ ግልቢያ በኋላ ምቱ ከሳምንት ወደ ሳምንት ፈጥኖ የሚረጋጋ ከሆነ፣ ፈረሱ ባያሸንፍም እየበረታ ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላትና አየሯም ስስ ስለሆነ፣ ውጤቱን ቆላ ላይ ከተለካ ጋር አናነጻጽርም።

አጥንቱ ያልጸና ፈረስ ለድል ሲባል ያለ ዕረፍት ቢጋለብ ይሰበራል፤ ሳይለካ ቢሸጥ ደግሞ የነገው አሸናፊ ከእጅ ይወጣል።